የቤዝ መስመሩ የማን ነው?

በ2025 የአሜሪካው የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ከመረጣቸው ሙዚቀኞች አንዷ የቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ካሮል ኬይ ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ አዋጅ ቁጥሮች ላይ ካሉት በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ዕድሜያቸው 90 ደርሶ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ወደ 10,000 በሚጠጉ ቀረጻዎች ላይ እንደተጫወቱ ይነገርላቸዋል። በዚያ ዘመን የአሜሪካን ሬዲዮ የከፈተ ሰው ስማቸውን ሳያውቅ የእሳቸውን ቤዝ ሲሰማ ይውል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰኔ ላይ ግን ወይዘሮዋ ሽልማቱን እንደማይቀበሉ፣ በሥነ ሥርዓቱም ላይ እንደማይገኙ አስታወቁ። ክብሩ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ይሠሩት የነበረውን ሥራ አይወክልም፣ ያ ሥራ የብዙዎች የጋራ ሥራ ነበር ባይ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በኋላ ዘመን የተለጠፈባቸውን የቡድን ስምም አይወዱትም።

ይህን የአንዲት አዛውንት ኩርፊያ አድርጎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ከኩርፊያው ጀርባ ያለው ጥያቄ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ገንዘብ የሚያወጣ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። የታወቁ ዘፈኖችን አጥንት ያበጁት ቤዝ ተጫዋቾች በአብዛኛው የዘፈኑ ባለቤቶች አይደሉም። ስማቸው በሸክላው ላይ አልታተመም፤ ክፍያቸው ያን ዕለት ተከፍሎ ያን ዕለት አልቋል። ጥቂቶች ደግሞ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ዘመን፣ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተው ባለጸጋ ሆነዋል። የችሎታ ልዩነት ይህን አያስረዳም። ልዩነቱ የመጣው ሙዚቀኛው ሲሠራ ከተቀመጠበት ወንበር ነው፦ የቀን ተከፋይ ነበር ወይስ ውል ፈራሚ?

መጀመሪያ መሣሪያው ለዘፈን ምን እንደሚሠራ ጥቂት ልበል። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ በ1951 «ፕሪሲዥን» የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ባያቀርብ ኖሮ ቤዝ ተጫዋች ማለት ያን ቆሞ የሚጫወቱትን ግዙፍ ደብል ቤዝ በየምሽት ክበቡ የሚጎትት፣ ከናስ መሣሪያዎቹና ከከበሮው ጀርባ ድምፁ ተውጦ የሚቀር ሰው ሆኖ ይቆይ ነበር። አዲሱ መሣሪያ በትከሻ የሚነገት ነው፤ ድምፁ በማጉያ ይወጣል፤ አንገቱ ላይ የተተከሉት ብረቶች ጣት ስቶ ከቅኝት እንዳይወጣ ያግዛሉ። የወፍራሙ ክር ድምፅ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል። ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ የስልክ ድምፅ ማጉያ አያወጣውም፤ ጆሮአችን ግን ከላይ ካሉት ተከታይ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የስምምነት ጉዳይ ነው። ፒያኖውና ጊታሩ አንድ ዓይነት ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ይዘው ሳለ ቤዙ የሚረግጠውን ኖታ ቢቀይር፣ ኮርዱ ሌላ ኮርድ ሆኖ ይሰማል። ድምፃዊው ያላወቀው ሐዘን ወይም ተስፋ ከታች ይመጣል ማለት ነው። ከድራሙ ጋር ተጣምሮ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣውም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ በአንድ ሰው እጅ ማየት የሚፈልግ ጄምስ ጄመርሰንን ይስማ። በ1936 በሳውዝ ካሮላይና ተወለደ፤ በ1954 ወደ ዲትሮይት ሄደ፤ ደብል ቤዝ የተማረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከ1959 ጀምሮ በዌስት ግራንድ ጎዳና 2648 ቁጥር በሆነ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ሙዚቀኞቹ «የእባብ ጉድጓድ» በሚሉት የሞታውን ሸክላ ኩባንያ ስቱዲዮ፣ ሌትና ቀን ይቀዳ ነበር። ክሮቹን ካልተበጠሱ በስተቀር አይቀይርም። በቀኝ እጁ የሚጫወተው በአንድ ጣት ብቻ ነው፤ ጓደኞቹ ያቺን ጣት «መንጠቆው» ይሏት ነበር። ከጃዝ የመጣ በመሆኑ፣ የሌሎች ቤዝ ተጫዋቾች እግር የኮርዱን ሥር ረግጦ ሲቆም የእሱ መስመር ይዞራል፣ ይዘላል፣ ከድምፃዊው ጋር ይነጋገራል፤ ተመልሶም በትክክለኛው ምት ላይ ይወድቃል። የቢትልስ ቤዝ ተጫዋች ፖል ማካርትኒ ከእሱ ብዙ እንደተማረ ደጋግሞ መስክሯል።

አብዛኛውን ጊዜ ለጄመርሰን የሚሰጠው ወረቀት ኮርዶች የተጻፉበት ነው። ከዚያ የሚወጣውን ዜማ የሚፈጥረው እሱ ነበር። ግጥሙንና የድምፃዊውን ዜማ የጻፉት ሰዎች ስማቸው በሸክላው መካከል በትንንሽ ፊደላት ታተመ፤ የቤዙን ዜማ የፈጠረው ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዘፈን ጥቂት ዶላር፣ በኋላ ሳምንታዊ ደመወዝ ተቀበለ። ደመወዙ እያደገ ሄዶ ለዘመኑ የማይናቅ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ስሙ ግን እስከ 1971 ድረስ በሞታውን ሽፋኖች ላይ አልነበረም። በዚያ ዓመት ማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ተጫዋቾቹን ዘረዘረ፤ ጄመርሰንንም «አቻ የማይገኝለት» ብሎ አወደሰው። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ጄመርሰንም ተከትሎ ሄደ፤ ግን ያቺ ከተማ አልሆነችለትም። መጠጡም ነበረ፣ ሕመሙም ነበረ።

በ1983 ሞታውን 25ኛ ዓመቱን በፓሳዲና በቴሌቪዥን በተቀረጸ ታላቅ ድግስ አከበረ። ሚሊዮኖች ማይክል ጃክሰን ወደ ኋላ ሲንሸራተት ያዩበት ምሽት ነው። ጄመርሰን አልተጋበዘም። ትኬት ከሻጭ ገዝቶ ገባና ሰገነት ላይ ተቀመጠ። ከመድረኩ ከሚወርዱት ዘፈኖች ብዙዎቹ ላይ የሚሰማው የእሱ ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ በ47 ዓመቱ ሞተ። የክብር አዳራሹ በ2000 «አጃቢዎች» የሚል ምድብ ከፍቶ ስሙን አስገባው። አጃቢ! ቃሉን ሳነብ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

እዚህ ላይ ካሮል ኬይ ይመለሳሉ። እሳቸው ከሞታውን ዘፈኖች አንዳንዶቹ ላይ ቤዙን የተጫወትኩት ሎስ አንጀለስ ሆኜ እኔ ነኝ ይላሉ፤ የዲትሮይት ሰዎች ደግሞ የጄመርሰን ነው ብለው ይሟገታሉ። ክርክሩ አሥርተ ዓመታት አልፈውታል፤ መራራም ሆኗል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ማን ትክክል ነው የሚለው አይደለም። ኩባንያው በወቅቱ ስም ጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለት ታላላቅ ሙዚቀኞች አንዱ ካለፈ በኋላ እንኳ በአድናቂዎቻቸው አማካይነት ባልተካሰሱ ነበር። ስም አለመጻፍ በጊዜው ያስገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ተፎካካሪ ኩባንያ ሙዚቀኞችህን አያባብልብህም፤ ሙዚቀኛውም የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቅ በእጁ የሚያሳየው ማስረጃ የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? አንድ የተቀዳ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ በተለምዶ ዜማና ግጥም። ሁለተኛው ቀረጻው ነው፤ ማለትም ያ የተወሰነ አፈጻጸም። ድርሰቱ የደራሲዎቹና የአሳታሚያቸው ነው፤ ቀረጻው በአብዛኛው የሸክላ ኩባንያው። ዘፈኑ በሌላ ሰው በተዘፈነ ቁጥር፣ በማስታወቂያና በፊልም በገባ ቁጥር፣ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ድርሰቱ ይከፈለዋል። ቤዝ ተጫዋቹ ከሁለቱም ውጭ ነው። የፈጠረው መስመር የዘፈኑ መለያ ቢሆንም፣ ሕጉና ልማዱ ተጋግዘው «ቅንብር» ወይም «አጨዋወት» በሚል መደብ ውስጥ ያስገቡታል፤ ያ መደብ በአሜሪካና በእንግሊዝ ልማድ ከድርሰቱ ሮያሊቲ (ሥራው ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር ከሚከፈለው ገንዘብ) ድርሻ የለውም።

እንግሊዛዊው ኸርቢ ፍላወርስ የዚህን ልማድ ዋጋ በአኃዝ ያሳየናል። በ1972 አሜሪካዊው ድምፃዊ ሉ ሪድ ለንደን ውስጥ «ዎክ ኦን ዘ ዋይልድ ሳይድ» የተባለውን ዘፈን ሲቀዳ የተጠራው ስቱዲዮ ሙዚቀኛ እሱ ነበር። ዘፈኑ በአብዛኛው ሁለት ኮርድ ነው፤ ድምፃዊው ከመዝፈን ይልቅ ያወራል ማለት ይቀላል። ፍላወርስ በደብል ቤዝ የሚንሸራተት መስመር ተጫወተ፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ቤዝ ከላዩ ሌላ መስመር ደረበበት። ለምን ሁለት? በሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ ሁለት መሣሪያ የተጫወተ ተጨማሪ ይከፈለዋል። ብልጥ ሰው ነበር፤ ይህንንም ራሱ እየሳቀ ያወራው ነበር። የተከፈለው 17 ፓውንድ እንደነበረም ይናገራል። ዛሬ ያንን ዘፈን ከመጀመሪያው ሰከንድ የምንለየው በዚያ መንሸራተት ነው። በ1990 የኒው ዮርኩ የራፕ ቡድን ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት ያንኑ ቤዝ ቆርጦ «ካን አይ ኪክ ኢት» የተባለ ዘፈን ሠራበት፤ ለአንድ ትውልድ የራፕ አድማጭ መዝሙር ሆነ። ከዘፈኑ የሚገኘው የደራሲነት ገቢ በሙሉ ለሉ ሪድ ሆነ። ራፐሮቹ አላገኙም፤ የተቆረጠውን ድምፅ በጣቶቹ ያወጣው ሰውም አላገኘም። ፍላወርስ በ2024 በ86 ዓመቱ አረፈ።

አሁን በርናርድ ኤድዋርድስን አጠገቡ አስቀምጡት። የኒው ዮርኩ ሺክ ባንድ በ1979 ያወጣው «ጉድ ታይምስ» ቤዙ ቢወጣበት ባዶ ቤት ነው። ኤድዋርድስ ግን የቀን ተከፋይ አልነበረም፤ ከጊታር ተጫዋቹ ከናይል ሮጀርስ ጋር የዘፈኑ ደራሲና ፕሮዲዩሰር ሆኖ ፈርሟል። በዚያው ዓመት ሹገርሂል ጋንግ በዚያ ቤዝ ላይ «ራፐርስ ዲላይት»ን ራፕ አደረገ፤ የመጀመሪያው ታላቅ የራፕ ዘፈን ሆነ። ኤድዋርድስና ሮጀርስ እንከሳለን አሉ፤ ስማቸው በደራሲነት ገባ፤ ገቢውም ወደ እነሱ ሄደ። የዚህን ታሪክ ጅራት ብዙ ሰው አያውቀውም፦ «ራፐርስ ዲላይት» የተሠራው ከሸክላ በተቆረጠ ድምፅ አይደለም፤ ቤዙን እንደ አዲስ ያለማቋረጥ ሲደጋግም የቆየ የ17 ዓመት ወጣት ነበር፤ 70 ዶላር እንደተከፈለውም ተናግሯል። አንድ የቤዝ መስመር፣ ሁለት ተጫዋቾች፤ አንዱ ደራሲ፣ ሌላው የቀን ሠራተኛ። በቀጣዩ ዓመት የኩዊን ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከን ከሺክ አጠገብ ስቱዲዮ ውሎ የራሱን «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» ጻፈ። ዘመድነቱ ለጆሮ ግልጽ ነው። ዲከን የባንዱ አባል ስለሆነና ዘፈኑንም ራሱ ስለጻፈ ገቢው የእሱ ነው።

በጃዝ መንደር ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ፍትሐዊ ነው ግን አልልም። ማይልስ ዴቪስ በ1959 በቀዳው «ሶ ዋት» ላይ ዋናውን ዜማ የሚጫወተው መለከቱ አይደለም፤ ፖል ቻምበርስ በደብል ቤዙ ይጠይቃል፣ ናሶቹ በሁለት ኖታ ይመልሳሉ። በድርሰቱ ላይ ያለው ስም የማይልስ ነው፤ ያንን ዜማ ለቤዝ መስጠቱ ራሱ የድርሰቱ ብልኃት ነውና እዚህ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቻምበርስ በ33 ዓመቱ ማለፉ ግን ሌላ ሐዘን ነው። ቻርልስ ሚንገስ ወንበሩን ቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር፤ ቤዝ ተጫዋች ሆኖ ባንድ መሪ፣ አቀናባሪ፣ በ1952 ከድራም ተጫዋቹ ማክስ ሮች ጋር ሆኖም የራሱ ሸክላ ኩባንያ መሥራች ሆነ። ሮን ካርተር ደግሞ ሌላውን መንገድ ይወክላሉ፤ በ2015 በ2,221 ቀረጻዎች በጊነስ መዝገብ ሰፍረዋል፤ በታሪክ ከማንም ጃዝ ቤዝ ተጫዋች ይበልጣል። ከእነዚያ ሺዎች ውስጥ ሰውየው ባለቤት የሆኑባቸው ስንት ይሆኑ?

ጃማይካ ጉዳዩን ይበልጥ ታወሳስበዋለች፤ ምክንያቱም በሬጌ ቤዙ ራሱ ዜማው ነው። አስተን ባሬት፣ «ፋሚሊ ማን» የሚሉት፣ የቦብ ማርሌይ ባንድ የዌይለርስ ቤዝ ተጫዋችና አቀናባሪ ነበር። በ2006 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት 60 ሚሊዮን ፓውንድ ይገባኛል ብሎ የሸክላ ኩባንያውንና የማርሌይን ቤተሰብ ከሰሰ። ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ያየው በ1994 ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ከእንግዲህ አልጠይቅም ብሎ የፈረመውን ስምምነት ነው። ባሬት በ2024 የካቲት በማያሚ አረፈ።

ይህ ክስ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚነካ አንድ ነገር አለው። ማርሌይ በ1976 ያወጣው «ዋር» ግጥሙ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያደረጉት ንግግር ነው። በደራሲነት የተመዘገቡት ግን የማርሌይ ጓደኛ አለን ኮልና የባንዱ ድራም ተጫዋች፣ የአስተን ወንድም፣ ካርልተን ባሬት ናቸው። ንግግሩ የንጉሠ ነገሥቱ፣ ድምፁ የማርሌይ፣ ምዝገባው የሌሎች። በዚያ ዘመን ማርሌይ ከቀድሞ አሳታሚው ውል ለማምለጥ ዘፈኖቹን በጓደኞቹ ስም ያስመዘግብ እንደነበር በክርክሮቹ ሁሉ ሲነሣ ኖሯል። እንግዲህ በሸክላ ላይ የታተመ የደራሲ ስም ስለ እውነተኛው ደራሲ የሚነግረን አንዳንዴ እጅግ ጥቂት ነው፤ ገንዘቡ ግን ያንን ስም ተከትሎ ይሄዳል።

ሰሞኑን ፍርድ ቤቶቹ ምን እያሉ ነው? የአሜሪካ ሕግ ከ1978 በፊት ለታተሙ ዘፈኖች ጥበቃ የሚሰጠው በዋናነት ለመንግሥት ቢሮ ገቢ በተደረገው የኖታ ወረቀት ላይ ላለው ነው። ያ ወረቀት ብዙ ጊዜ የድምፃዊውን ዜማ፣ ግጥሙንና ኮርዶቹን ብቻ የያዘ ነው። በእንግሊዛዊው ድምፃዊ በኤድ ሺረን ላይ በቀረበው ክስ፣ የማርቪን ጌይን የ1973 ዘፈን ድርሻ የገዛ ድርጅት በቀረጻው ላይ የሚሰማው ቤዝና ድራምም ይቆጠርልኝ ብሎ ተከራክሮ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2024 ኅዳር አልተቀበለውም፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ አይቆጠርም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2025 ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። ከዚያ በፊት በ2018 ግን ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት «ብለርድ ላይንስ» በተባለው ዘፈን ላይ ለጌይ ወራሾች ፈርዶ ነበር፤ ከተነሡት ተመሳሳይነቶች አንዱ የቤዝ መስመሩ ነው። ወራሾቹ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳና የወደፊቱን ሮያሊቲ ግማሽ አገኙ። የቤዝ መስመር አንዳንዴ ንብረት ነው ማለት ነው፤ ግን ንብረት በሆነባት ቀን ባለቤቱ ድምፃዊው ወይም ወራሹ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የቀረበው የሬጌቶን ክስ ከእነዚህ ሁሉ ይሰፋል። ስቲሊና ክሊቪ የተባሉት ጃማይካውያን በ1989 የሠሩት «ፊሽ ማርኬት» የተባለ ሪትም ዛሬ ሬጌቶን የምንለው ሙዚቃ ሁሉ የቆመበት ነው በሚል ከመቶ በላይ አርቲስቶች ተከስሰዋል፤ የተጠቀሱት ዘፈኖች ከ1,800 ይበልጣሉ። ክሱ ዜማ ወይም ግጥም ተሰረቀ አይልም። የከበሮ ምትና እሱን ተከትሎ የሚሄድ ዝቅተኛ የቤዝ ኖታ ነው። ዳኛው በ2024 ግንቦት ክሱ ገና ሳይሰማ ይሰረዝ የሚለውን ጥያቄ ውድቅ አድርገዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ክስ ያስፈራኛል። ቤዝና ድራም ሁሉ ንብረት ከሆነ የሬጌ ራሱ ባህል፣ በአንድ ሪትም ላይ ሃምሳ ድምፃዊ የሚዘፍንበት ባህል፣ ከነገ ጀምሮ የጠበቃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፍላወርስን መስመር የሚያህል ልዩ ነገር አንድ ነገር ነው፤ ሁለት የቤዝ ኖታ በየምቱ ላይ ማስቀመጥ ሌላ።

ስለዚህ እኔ መፍትሔውን በድርሰት መብት በኩል አልፈልገውም። ለኩባንያዎቹም ፍትሐዊ እንሁን፦ ከመቶ ቀረጻ አብዛኞቹ ከስረው ይቀራሉ፤ ስቱዲዮ ሙዚቀኛው በከሰሩትም ላይ ተከፍሎታል። የቁርጥ ክፍያ ለብዙዎች የቤት ኪራይ ነበር። ችግሩ ዘፈኑ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሲሸጥ ቁርጡ ቁርጥ ሆኖ መቅረቱ ነው። መፍትሔው በሁለተኛው ንብረት፣ በቀረጻው በኩል ነው፤ አንዳንድ አገሮችም ጀምረውታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 የቀረጻ መብትን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያራዝም አንድ ቅድመ ሁኔታ አስገባ፦ በቁርጥ ክፍያ መብታቸውን ላስተላለፉ ሙዚቀኞች፣ ኩባንያው ከ50ኛው ዓመት በኋላ ከቀረጻው ከሚያገኘው ገቢ 20 በመቶ ለብቻው ያስቀምጣል። ሕጉ እንግሊዝንም ያካትት ነበር። የፍላወርስ የ1972 ቀረጻ ሃምሳ ዓመቱን የደፈነው በ2022 መጨረሻ ነው። ሰውየው ያረፈው በ2024። በእንዲህ ዓይነት ስሌት መብት ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ተራ ሬዲዮ ለቀረጻው ምንም አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለድርሰቱ ብቻ ነው። በዲጂታል ሬዲዮ ግን ከ1990ዎቹ ወዲህ በወጣው ሕግ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ ለኩባንያው፣ 45 በመቶው ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶው ለአጃቢ ሙዚቀኞችና ድምፃውያን ይሄዳል። አምስት በመቶ ለባንዱ ሁሉ ትንሽ ናት፤ ግን ከባዶ ትሻላለች። ቀዳዳው ትልቅ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ሙዚቃ የሚሰማው ዘፈኑን ራሱ መርጦ በሚከፍትባቸው እንደ ስፖቲፋይ ባሉ አገልግሎቶች ነው፤ ያ ገንዘብ በውል የሚከፋፈል ስለሆነ ይህች 5 በመቶ አትደርስበትም። ውል ያልፈረመ ከዚያ የሚያገኘው የለም።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ አንድ የሚያኮራ ልዩነት አለን ብዬ አምናለሁ። በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ ተብሎ አይበቃም፤ ሦስተኛ መስመር አለ፣ «ቅንብር»። አሜሪካኖች በሕግ ያላዩትን ሥራ የእኛ ካሴት በስም ያየዋል። ጉድለቱ ቅንብሩ ብዙ ጊዜ የተጻፈው በባንዱ ስም መሆኑ ነው። የማሕሙድ አሕመድን የ1975 «እረ መላ መላ» የቀዳው አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ ሆኖ የአንድ ዘመን ካሴቶችን ያጀበው ቡድን፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ነበር። ከቤት እስከ ሠርግ ድንኳን በዚያ ቤዝ ያልተወዛወዘ ሰው የለም፤ ስሙን ጠይቁ ግን፣ ከሙዚቀኞች ውጭ የሚመልስላችሁ ጥቂት ነው። ዋልያስ ባንድ በ1977 ባወጣው «ቼ በለው» ላይ ያለውን የመላኬ ገብሬን ቤዝ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ዛሬ በቃላቸው ይጫወቱታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ኪቦርዱ መጣና የቤዝ ተጫዋቹን ወንበር ራሱ ወሰደው፤ አንድ ሰው ድራሙንም ቤዙንም በጣቱ ሞልቶ ሠርግም ካሴትም ያወጣ ጀመር። ርካሽ ነበር፤ ብዙዎቹ ቀረጻዎችም እንደ ዋጋቸው ናቸው።

በሕግ በኩል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ጎን ለጎን ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻልም ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲሰበሰብ በር ተከፍቷል። ከዋኝ ማለት ድምፃዊው ብቻ አይደለም፤ ቤዝ ተጫዋቹም ከዋኝ ነው። ገንዘብ ለመከፋፈል ግን በየትኛው ዘፈን ላይ ማን እንደተጫወተ የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል፤ የሮሃና የዋልያስ ዘመን ካሴቶች አሁን ወደ ዩቲዩብና ወደ ስፖቲፋይ የሚጫኑት በአብዛኛው በድምፃዊው ስም ብቻ ነው።

በ1984 ዋሽንግተን ውስጥ አድማስ የተባለው ባንድ «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለ አልበም በራሱ ወጪ አሳትሞ ነበር፤ በ2020 አንድ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው የተጫዋቾቹም ስምና ታሪክ ከነሸክላው ወጣ። ቤዝ ተጫዋቹ ሔኖክ ተመስገን ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ የጃዝአምባ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል። ያ አልበም እድለኛ ነው፤ የሚናገሩ ተጫዋቾች ነበሩት፣ ጠያቂም አገኙ። ለቀሩት ካሴቶች የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ ሳይንስ አይደለም፤ ከባንዶቹ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ዘፈን በዘፈን መዝግቦ፣ በጋራ አስተዳደር ማኅበሩ ዶሴ ውስጥም በዲጂታል ገበያዎቹ ቅጽ ላይም የቤዝ ተጫዋቹን ስም ማስገባት ነው። ቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ አለ፤ የሚሞላው ነው የጠፋው።